ከአምስት መቶ ቃል የወጡት አሥራ አንድ ቀናት

ለወንድሜ ለዓብዱልፈታሕ፣ ናይሮቢ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ቤቱ፣ ያ ጉልበትህስ ተሻለው? የኢስሊ ጭቃ ከሮቤ ጭቃ ይሻላል ወይስ ጭቃ የትም ያው ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንዴው ታጭዷል። ብርዱ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ቤታችን ገብቷል፤ አባባ ካፖርት ለብሰው ነው የሚተኙት። ለምን ሲባሉ አልተኛሁም፣ ጋደም ብዬ ነው ይላሉ።

ይህን የምጽፍልህ ሳላስፈቅድህ ስለጻፍኩህ፣ ሳላስፈቅድህም ስለሰረዝኩህ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላለ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት እያመለከትኩ እንደነበር እህታችን ሀዋኒ በስልክ ነግራሃለች፤ ያልነገረችው ሰው የለም። ሕግ መማር ለምን እንደምፈልግ የሚያስረዳ የግል መግለጫ ይፈልጋሉ፣ ከአምስት መቶ ቃል ያልበለጠ። የእኔ መጀመሪያ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሆነ። ጥፋቱ የእንጀራዬ ነው። ጎባ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጬ አራት ዓመት የሰው አቤቱታ ስጽፍ አንድም ሰው አሳጥሪልኝ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ገጽ የሰጠሁት ገበሬ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ባዶ ከሆነ፣ በደሌ ይህችው ብቻ ናት ወይ ይለኛል። ስለዚህ በዘር ማንዘር፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ መሙላት ለምጃለሁ። መግለጫዬም ሕግ ጋ የደረሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር።

መቁረጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰላምታው ሄደ፤ ተማሪ የሚመርጠውን ኮሚቴ ከነቤተሰቡ ጤና ጠይቄ ነበር። ቀጥሎ የአያታችን ስም፣ የባሌ የአየር ጠባይ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለው ሁሉ ሄደ፤ አራት ቦታ ተገኝቷል። ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። የሚቀነስ አጣሁ። የቀረው አንተ ነበርክ።

ያንን ነገር ነው የጻፍኩት። ጎረቤታችን መሀመድአወል በቅሎዬን ሰረቀኝ ብሎ ከሶህ አሥራ አንድ ቀን መታሰርህን፤ በቅሎዋ ጎሮ የአክስቱ ልጅ ግቢ ውስጥ ጭድ ስትበላ መገኘቷን፤ እኔም በየቀኑ ምሳህን ይዤ ስመላለስ ማንን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አለማወቄን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ነው። ከጽሑፉ ነፍስ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ የተረፈው የትምህርት ማስረጃ ነው።

ቅዳሜ ሀዋኒ እየተረጎመች ለአባባ አነበበችላቸው። አንተ ጋ ስትደርስ አስቆሟት። አልተቆጡም። ያስታረቁን ሽማግሌ አባ ጫሊ ሽምግልናውን ሲዘጉ ለቃል ኪዳን እርጥብ ሳር አስይዘው፣ ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር የሚያነሳ የለም አስብለውናል፤ እኔም ይዤ ነበር። አባባ ሳሩን የያዝሽው ለዚህ ሰፈር ብቻ ነው ወይ አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነው፣ መሀመድአወልም አያነበውም ብዬ ተከራከርኩ። ሀዋኒ፣ ሳትማሪው የጠበቃ ተንኮሉን ጨርሰሻል አለችኝ።

ይግባኝ ብዬ አባ ጫሊ ቤት ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ በቅሎዋ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ናት አልኩ። ከዚያ፣

«እሱ የተወውን ነገር አንቺ በምን ሥልጣን ነው የምታነሺው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። እኔን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ወደ ቤት ተመልሼ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

አንተን ሳወጣህ ልክ አምስት መቶ ቀረ። ነገር ግን ሕግን ለምን እንደምፈልግ የሚናገር መስመርም አብሮህ ወጣ። ስለዚህ ትጋቴን ያወደስኩበትን አንቀጽ ሰረዝኩና በቦታው ይህን አስገባሁ፦ «በቤተሰቤ ላይ የደረሰ አንድ በደል አለ። በሽማግሌ ታርቋል፤ እንዳላነሳውም ቃል ሰጥቻለሁ፤ ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም። እርቁ ፍትሕ ነበር ወይ ብዬ ራሴን መጠየቅ ግን አልተውኩም።» ሰኞ ላክሁት። ከረቡዕ በፊት መድረስ ነበረበት።

አባ ጫሊ ትቶታል አሉ እንጂ እኔ አንተን ትቼዋለሁ ስትል አልሰማሁህም። ያን ቀን ዝም ብለህ ሳሩን ያዝክ፤ በሦስተኛው ሳምንት በሞያሌ ወጣህ። ሽማግሌ ዝምታን እሺ ብሎ ይመዘግባል። እውነት ትተኸው ነበር? ካልተውከው ለእኔ ንገረኝ። ለኮሚቴው ጊዜው አልፏል፤ ለእኔ ግን አላለፈም።

አባባ ጉልበትህን በሙቅ ውሃ እሸው ይሉሃል። ጎረቤታችን እማማ ረቢያ የሃረና ጫካ ማር በሞያሌ መኪና ልከውልሃል፤ ለሾፌሩ አታቅምስ ብለዋል። ሀዋኒ ትስምሃለች፣ ጫማም ትፈልጋለች። አባ ጫሊ ዱዓ አድርገውልሃል። መሀመድአወልም ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰላም በይልኝ ብሏል። አድርሻለሁ።

እህትህ ፈይሩዝ ከማለዲን
ሮቤ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.