በልጄ ስልክ ውስጥ ስለሞተችው ወፍ

ለተከበሩ የርቀት ትምህርት ማበረታቻ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤትዎ፣ ሙሉ ጤና እንዲሆኑልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኦጋዳ እባላለሁ፤ ምቢታ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ጀልባ እየጠገንኩ እኖራለሁ። የእኔ ባለቤት አኪኒ ባለፈው የዝናብ ወራት አርፋለች።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ተዘግተው ልጆቻችን ሜዳ ላይ በቀሩ ጊዜ፣ በስልክ የሚሰጥ ትምህርት አመጣችሁልን፤ እንዳይሰለቹም ለእያንዳንዳቸው በስልኩ ውስጥ አንዲት ወፍ ሰጣችኋቸው። ልጁ የዕለቱን ትምህርት ሲጨርስ ወፏ ጥሬ ታገኛለች፣ ላባ ታወጣለች፣ ትዘምራለች። ልጄ አዊኖ የምትማረው በእናቷ ስልክ ነበር፤ ወፏም ከሰፈሩ ወፎች ሁሉ የወፈረች ነበረች። አኪኒ እየሳቀች «አንቺ ልጅ፣ እኔን እንኳ እንዲህ አብልተሽኝ አታውቂም እኮ!» ትላት ነበር።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. በእኛ በሉዎ ብሔረሰብ ዘንድ የሟች ሴት ዕቃ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪከፋፈለው ድረስ ከቤቷ አይወጣም። ስልኩም እዚያው ተቆለፈበት። አዊኖ «ወፌ ትራባለች» እያለች ብታለቅስ፣ አጎቴ ኦምቦጎ «ዝም በይ! የእናትሽ ዕቃ ነው፣ ማንም አይነካውም» ብለው ተቆጧት። እኔስ በሐዘን ቤት ስለ ስዕል ወፍ ከሽማግሌ ጋር ልከራከር? ይህን ልማዳችንን አስቀድመን ለመሥሪያ ቤትዎ ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከመሞታችን በፊት ማመልከት ይገባን ነበር።

፪ኛ. ዕቃው ተከፋፍሎ ስልኩ ለአዊኖ ሲደርሳት፣ ወዲያው ከፈተችው። ወፏ እግሯን ሰቅላ ተጋድማለች። ከሥሯ «አዊኖ፣ ስለረሳሽኝ ሞትኩ» የሚል ተጽፏል። ይህችን ዓረፍተ ነገር የደረሰውን ባለሙያ በአካል ባገኘው ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ልጄንም አስተዋውቀው ነበር። ልጄ አላለቀሰችም። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና «አባዬ፣ እማዬን ሐኪም ቤት ስትወስዳት እኔ እኮ ወፏን እያበላሁ ነበር። እማዬም ስለረሳኋት ነው የሞተችው?» አለችኝ። 

፫ኛ. ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደውዬ ወፏን እንድታስነሱልኝ ለመንኩ። አንዲት ጨዋ ሠራተኛ «አባት፣ ሲስተሙ የሞተ አይመልስም። ግን የልጅዎ ተነሳሽነት መቀነሱን አይተናል፤ ማስታወሻ እናበዛላታለን» አለችኝ። ቃሏንም አክብራለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጠዋት ማታ «አዊኖ፣ የት ጠፋሽ? አዲስ እንቁላል ይጠብቅሻል!» እያለ ይጮኻል። ልጄ ድምፁን ስትሰማ ጆሮዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። መማሩንም ጨርሶ ትታዋለች።

እንግዲህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ወፏን ማስነሳት ካልተቻለ፣ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ለውጡልኝ። «አዊኖ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሉልኝ። እኔማ ስንት ጊዜ ነገርኳት፤ የአባት ማጽናኛ ነው ብላ አታምነኝም። ስልኩን ግን ታምነዋለች፤ አስተማሪዋ እሱ ነውና።

ለሕፃናት ስለምታደርጉት እንክብካቤ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የማስታወሻዎቻችሁ ሁሉ ታማኝ ተቀባይ፣

ኦጋዳ፣ የአዊኖ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማበረታቻችሁ ከንቱ ቀረ ብለው ግን እንዳያዝኑ። አዊኖ በየጠዋቱ፣ ልክ በትምህርቷ ሰዓት፣ ኡጋሊ የምንለውን የበቆሎ ገንፎና ዓሣ በሳህን ይዛልኝ ወደምጠግነው ጀልባ ሥር ትመጣለች። የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክውጥ ድረስም ዓይኗን ከእኔ ላይ አትነቅልም። አንድ ቀን እንኳ አልረሳችም።