ስለ ባለቤቴ ሦስት ጣቶችና ስለ አንዲት ቀይ መኪና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ስብሰባ ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ደግሞ የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎ ከነጣቶቹ ፍጹም ጤና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከሁለት የጎድን አጥንቶቼ በስተቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ግን ደህና አይደለችም፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ከሳሽነት፣ የተጨፈለቁ ሦስት ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ፖሊስ ጣቢያ ወለል ላይ መተኛት ከጀመረች ይኸው ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሐኪም ቤት ወጥታ እንድትታከም የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን እሱም የእርስዎ ፊርማ ነው። ይህንኑ በአካል ቀርቤ እንዳልነግርዎ ጸሐፊዎ ስምንት ቀን ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ስለመለሱኝ፣ ስምንት ቀን ስብሰባ የቻለ ሰው አንድ ግልጽ ደብዳቤ አያቅተውም ብዬ በአደባባይ ጻፍኩ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገርዎ። እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ ተጋጭቶ የተጨረማመተ መኪና እየቀጠቀጥኩ ወደ መልኩ ስመልስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ደግሞ የመኪና ወንበር ትሰፋለች። ሰፈርተኛው «እሱ ይቀጠቅጣል፣ እሷ ታለሰልሳለች» እያለ ይቀልድብናል። ገና ተቀጣሪ ሳለሁ በምሠራበት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ቀይ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ፋብሪካው እሷን መሥራት ካቆመ ስልሳ ዓመት አልፎታል። እውነተኛዋን በሕልማችንም ስለማናገኛት አምሳያዋን በግቢያችን ለመሥራት ተነሣን፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን። ሻንሲዋን ከቱቦላሬ ብረት በየድኩ፤ ሞተሯንና ካምቢዮዋን ከአንድ አሮጌ ታክሲ ከነደረሰኙ አወጣሁ፤ አካሏን ላሜራ እየቀጠቀጥኩ በእጄ ቀረጽኩ፤ ኮፈኗን ብቻ አራት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ጥያለሁ። ካለቀች በኋላም አመሏ አይጣል ነበር፤ ቆማ ከጠበቀች ትግላለች፣ ከሥሯ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ብርድ ከሆነ ካርቡራተሯ ያኮርፋል፤ እሑድ እሑድ አንዱን ጠግነን ስንነሣ ሌላው ይበላሻል። ልጅ አልወለድንም፤ እሷን አሳደግን። እንዲህ ብሎ መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሻንሲ ቁጥሯ። መሥሪያ ቤትዎ በቤት ለምትሠራ መኪና የሚያስፈልገውን ወረቀት ሁሉ ተቀብሎኝ፣ ሻንሲዋ ላይ እንድመታው አሥራ አንድ አሃዝ ያለው ቁጥር በማኅተም አረጋግጦ ሰጠኝ። ባለቤቴ ከወረቀቱ እያነበበች እኔ በብረት መምቻ አንድ በአንድ እየመታሁ ስንሄድ፣ ሰባተኛው ላይ ስምንትን እመታለሁ ብዬ ሦስትን መታሁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የተበላሸ ሥራ አይቼ ማደር አልችልም፤ ጥፍር የምታህል ጎድጓዳ ቦታ እንኳ ካየሁ እህል አይበላኝም። ስለዚህ ስህተቴን በግራይንደር ፍቄ፣ አለስልሼ፣ ስምንትን በቦታው መታሁና እፎይ አልኩ። የተፋቀ ቁጥር የሌባ ምልክት መሆኑን በጋራዥ ዓለም የማያውቅ የለም፤ እኔ ራሴ በዚሁ ምክንያት ስንቱን መኪና ከደጄ መልሻለሁ። የራሴ ሲሆን ግን ጭራሽ አልታየኝም፤ የገዛ ልጁን ማን ሰርቆ ያውቃል? ቂል መሆኔን አምናለሁ።

መርማሪዎ ግን ቂል አይደለም። ለምርመራ ወደ እናንተ ስወስዳት ከሥሯ ገብቶ በባትሪ አበራና «ተይዘሃል!» አለኝ። ትክክለኛው ቁጥር በእናንተው መዝገብ፣ በእናንተው ማኅተም፣ እሱ ከቆመበት ሁለት ክፍል አለፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ብነግረው፣ መዝገብ ማየት የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኝ። አንዱ የሌላውን እንጀራ እንዳይነካ ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍለጋችሁ። መኪናዋ የተሰረቀች ናት ተብላ ከግቢያችን እንዳትወጣ ከታገደች በኋላ ከማን እንደተሰረቀች ለማወቅ ሁለት ወር ሙሉ ደከማችሁ። በአገር ምድሩ እንዲህ ያለች መኪና የጠፋችበት ሰው ቀርቶ ያየ ሰው ታጣ። ሌላ ተራ ጭንቅላት ቢሆን «እንግዲያው አልተሰረቀችም» ብሎ ይዘጋው ነበር፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን «የስርቆቱ አፈጻጸም እጅግ የረቀቀ ሆኖ አግኝተነዋል» ሲል ጻፈልኝ። ደብዳቤው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ በጽሑፍ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለላኩልኝ እንግዶች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ የእርስዎ ሰዎች አጥር በመነቅነቅ ጊዜ አላጠፉም፣ የግቢውን በር ከነመቃኑ ነቅለው ገቡ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከላሜራው ሥር ተደብቋል የተባለውን «እውነተኛ ቁጥር» ሊያወጡ ባለ አምስት ኪሎ መዶሻና ዲጂኖ ይዘው መጡ። ላሜራው የታሰረባቸው ብሎኖች ስምንት ናቸው፤ በአንድ ቁልፍ በአራት ደቂቃ ይፈታሉ። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አራቱ መሬት ላይ አነጠፉኝ፤ አንዱ በጉልበቱ አንገቴን ተጫነ፣ ሌላው በጫማው ጎኔን ደጋገመው። ጎድኔ ቀጭ ሲል ለራሴ ተሰማኝ። ከወደቅኩበት ሆኜ መብራቶቿ ሲፈርጡ፣ በሯ ሲገነጠል፣ ፓራፋንጎዋ እንደ ወረቀት ሲቀደድ አየሁ። የሚመታት ሰውዬ ደግሞ መምታት እንኳ አያውቅም፤ መዶሻውን በጠርዙ ነው የሚያሳርፈው። እግዜር ያሳይዎ፣ ከስብራቱ ይልቅ ይኸ ነው አንጀቴን እርር ድብን ያደረገው።

ባለቤቴ የብሎን መፍቻዋን በግራ እጇ ይዛ ከቤት ሮጣ ወጣች። «ወንድሞቼ፣ በእናታችሁ፣ እኔ ፈትቼ ላሳያችሁ፣ ምንም አይፈጅም» እያለች ቀኝ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። መዶሻው ወረደ። ሰውዬው አላየኋትም ይላል፤ ምናልባት አላያት ይሆናል፣ ይሁንለት። ነገር ግን ጩኸቷ ሰፈሩን ካናወጠው በኋላ፣ ጣቶቿ ከተጣጠፈው ላሜራ ጋር ተጣብቀው ደም እየወረደ ሳለ፣ «ዞር በይ ከዚህ!» ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ አነሣው። ያን ጊዜ ነው በግራ እጇ የነበረው መፍቻ አገጩ ላይ ያረፈበት። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። በደብዳቤ መዋሸት ነውር ነውና ልንገርዎ፤ መሬት ላይ ተደፍቼ ያን ድምፅ ስሰማ ደስ አለኝ። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

አራተኛ፤ ስለ ፍትሐዊነታችሁ። ጥርሱ የረገፈው ሰው በእናንተ መኪና በዚያው ቅጽበት ሐኪም ቤት ደረሰ፤ የወለቁት ጥርሶቹ እንኳ በንጹሕ መሐረብ ተጠቅልለው አብረውት ሄዱ። ባለቤቴ በዚያችው በተቀጠቀጠች እጇ ላይ ካቴና ገብቶላት ከተሰባበረችው መኪናችን ጋር በጭነት መኪና ተወሰደች፤ ክሷም «የመንግሥት ሠራተኛን በሥራ ላይ መደብደብ» ተባለ። በአራተኛው ቀን ያያት ሐኪም «አጥንቱ ደቅቋል፣ ቁስሉ መጥቆር ጀምሯል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ጣቶቿ አይተርፉም» ብሎ ጻፈ። ሳምንቱ ትናንት አለቀ። የጣቢያው አዛዥ መቼም ደግ ሰው ነው፤ «ጋሼ፣ እኔስ ባሳክማት በወደድኩ፣ ግን ከሳሹ መሥሪያ ቤት ካልፈቀደ ከዚህ በር አላስወጣትም» አለኝ። እናንተ ዘንድ ስመጣ «ኃላፊው ይፈርሙበት» ተባልኩ። ኃላፊው ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ያችን መኪና ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ «ጣውንት» እያሉ ሲሰድቧት የኖሩት አማቴ እንኳ አሁን ከጠዋት እስከ ማታ የእርስዎ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጠባቂዎን «ልጄ፣ ጣት እንደ ብሎን ተፈልጎ አይገኝም ብለህ ንገርልኝ» ብለውታል፤ ነግሮዎት ይሆን? ጠባቂዎ የተቀመጠበት ወንበር ከመኪናችን የተነቀለው የሾፌር ወንበር ነው። አይነሣ፣ ይቀመጥበት፤ ምቾቱን ግን ልብ እንዲል ይንገሩልኝ፤ ክሩን በሰም እያሸች፣ ቆዳውን እየወጋች፣ ስፌቱን ሦስት ጊዜ ፈትታ እንደገና የሰፋችው በእነዚያው ጣቶች ነው። መጀመሪያ ስትሰፋው ጠማማ ወጣባትና ሁለት ቀን አኩርፋ ማንንም አላነጋገረችም።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሆኖም ስጽፈው አቤቱታነቱ ቀርቶ ዛቻ ሆኖ ስለወጣብኝ ቀደድኩት። ምን ብዬ እንደነበር ግን በአክብሮት ላሳውቅዎ። አምና የቢሮ መኪናዎ የኋላ ግራ በር ተጋጭቶ ጋራዥ የገባ ጊዜ ያቃናሁት እኔ ነኝ፤ የተመታበትን ቦታ ዛሬ ፈልገው አያገኙትም። መኪናን የሚያቃና ሰው ደግሞ የት የት እንደሚያማት ያውቃል። በሩ በሁለት ምት ይታጠፋል፤ ምሰሶው በአራት፤ ጣራው እስከ ወንበሩ ለመውረድ ዘጠኝ አይፈጅበትም። ሦስት ጠዋት መዶሻዬን በካፖርቴ ውስጥ ይዤ ከበርዎ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ማየት የጀመርኩት መኪናውን ብቻ አልነበረም። ከመኪናው ሲወርዱ የጭንቅላትዎን ቅርጽ እንደ ሙያዬ አየሁት። ያቆመኝ ሕግ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ፍርሃትም እንዳይመስልዎ፣ እሱን ያን ሰሞን ረስቼው ነበር። ያቆመኝ «እጁን ብሰብረው ማን ይፈርምልኛል?» የሚል ሐሳብ ነው። ስለዚህ እባክዎ ያን እጅ አደራ፤ እኔም ሳስቼለት ሰንብቻለሁ።

የምለምንዎትም ትንሽ ነገር ነው። መኪናዋን እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንደለጠፋችሁት ዓርብ ዕለት ጨፍልቋት፤ ከፈለጋችሁ እኔው መጥቼ ስታስቸግራችሁ በየት በኩል እንደምትታጠፍ አሳያችኋለሁ። የተሰረቀች ናት በሉ፣ ሌባ ነህ በሉኝ፣ እፈርማለሁ። ዘጠኝ ዓመቴን እርግፍ አድርጌ ትቼላችኋለሁ። ባለቤቴም ከዳነች በኋላ ለሁለቱ ጥርስ ፍርድ ቤት ቀርባ ትጠየቅ፤ የመታችውን መትታለችና አትክድም። አሁን ግን እጇን ትታከም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ፣ ቀኑ ተሞልቶ፣ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ከስምንት ቀን በፊት ተቀምጧል፤ ከታች ያለው መስመር ብቻ ባዶ ነው። ስምዎ አጭር ነው፤ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም።

ስብሰባዎ በሰላም እንዲፈጸም፣ የስብሰባው ወንበር ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ በር ሲዘጉም ጣትዎ እንዳይያዝብዎ እየተመኘሁ፣ ስለተሰበሩት አጥንቶቼና ስለተነቀለው በሬ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ደግሜ ደጋግሜ አቀርባለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ፣
ባትላሜራው፤
በር ከሌለው ግቢ።

እርማት፤ ደብዳቤውን ጨርሼ ላወጣው ስል አማቴ ምሳ ሊያደርሱላት ከሄዱበት ጣቢያ እያለቀሱ መጡ። የባለቤቴ ሌባ ጣት፣ መርፌ የምትይዝበት፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ተቆርጧል፤ ጥቁረቱ ወደ መዳፏ መውረድ ስለጀመረ ሐኪሙ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም ብሏል። ስለሆነም ከላይ «ሦስት ጣቶች» ብዬ ያመለከትኩት ሁሉ «ሁለት ጣቶች» ተብሎ እንዲነበብልኝ፣ ሌላ እርማት ሳልጽፍም እንዲፈርሙልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።