ከላስቲኩ ሥር የቀረችው ሰማያዊ

ሰባተኛው ጨረቃ፣ ቀን 11

ሙቀት። ጎመንና የዓሣ ጭንቅላት ገዛሁ። ቦ-ካይ ጭንቅላቱን አይነካውም፣ ሾርባውን ግን ይጨርሰዋል። ልጄ ከልጅነቱም እንደዚሁ ነው።

ዓሣ ነጋዴው አቶ ሉ አዲሱን መኪናውን ወደ ጋራዣችን አመጣ። ነጭ። ሴት ልጁ በሚቀጥለው ወር ትዳራለች፣ ሙሽራዋ የምትሄደው በዚህ ነው። ቦ-ካይ ግልጹን መከላከያ ላስቲክ ሙሉ ለሙሉ ሊለጥፍለት ነው። እስከ ዛሬ መስተዋትና በር ብቻ ነበር የሚሰጡት... ሙሉ መኪና የመጀመሪያው ነው።

"አባትህ ቢኖር ለሱ ነበር የምሰጠው" አለ ሉ።

"አባዬ ቀለም ነበር የሚቀባው፣ አጎቴ። እኔ ቀለሙን ነው የምጠብቀው። ጠጠር ቢመታው፣ ወፍ ብትኮስበት ምንም አይሆንም።"

"ወፏስ ምን ታድርግ? ሌላ መኪና ልፈልግላት?"

ሁለቱም ሳቁ። ባሌ ሺን-ፋ ከሞተ ወዲህ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ቆሜ አዳመጥኩ።

ቀን 13

ቀኑን ሙሉ ወረቀት በመቀስ ስቆርጥ ዋልኩ። ማስክ። ትልቁን፣ የቀለም ቀቢውን፣ ቱቦ ያለውን፣ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያመጣውን። ለፊቱ ካርቶን። ለቱቦው የመድኃኒት ቤቱን ሰማያዊ ከረጢት... የሺን-ፋ የመጨረሻ ኪኒኖች የመጡበት። መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ከነገ ወዲያ ለሙታን የወረቀት ዕቃ የሚቃጠልበት ቀን ነው፣ የተቃጠለው እነሱ ዘንድ ይደርሳል። ገበያው ውስጥ የወረቀት ቤት፣ የወረቀት መኪና፣ የወረቀት ስልክ ሞልቷል። የወረቀት ማስክ ግን የለም። ማን ይጠይቃል?

እሱ ጠይቆኝ ነበር። በሕይወት እያለ። "ያንን ማስክ ልግዛ እንዴ?" አለኝ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ። ቦርሳው በእኔ እጅ ነበር። ለከርሞ አልኩት። ሲከርምም ለከርሞ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። አፉን በጨርቅ አስሮ ቀባ፣ ቀባ... ሳምባው እስኪያልቅ።

ይኸው የከርሞው። በወረቀት።

ቦ-ካይ ውሃ ሊጠጣ ገባ። "ምንድን ነው እማዬ?" አለ። "ምንም" አልኩት።

ቀን 15

በየደጁ ለሙታን ጠረጴዛ ወጥቷል። በየደጁ ጢስ።

ቤት አላቃጠልኩም። ጋራዡ በር ላይ አቃጠልኩ። ለምን? የሠራው እዚያ ነው፣ ማስኩንም እዚያ ይፈልገዋል ብዬ። ቦ-ካይ ውስጥ ነበር፣ ከሉ መኪና ጋር። በሙቀቱ ምክንያት የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ከፍቶታል።

ጠረጴዛ ስላልነበረኝ የላስቲኩን ባዶ ካርቶን ገለበጥኩ። ብስኩት፣ ፖም፣ የሚወደውን ቢራ ደረደርኩበት። የሙታኑን የወረቀት ገንዘብ እሳቱ የሚነድበት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩ። ማስኩን መጨረሻ ላይ። ቱቦው ቶሎ አልያዘም፣ ተጥመለመለ... ከዚያ ከባሕሩ በኩል ነፋስ መጣ፣ አመዱም ብድግ አለ። ተቀበለኝ አልኩ። ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብስኩቱን ሳነሳ ካርቶኑ ላይ ያለውን አነበብኩ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ፊደል የቆጠርኩት ከሺን-ፋ የቀለም ቆርቆሮዎች ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። እንዲህ ይላል፦ "አቧራና ነፋስ በሌለበት፣ በተዘጋ ቦታ ብቻ ይለጠፍ።"

በመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቦ-ካይ ኮፈኖው ላይ ተደፍቷል። ላስቲኩን ዘርግቶ የሳሙናውን ውሃ በጎማ መጥረጊያ ወደ ዳር ይገፋል። ያፏጫል።

ልናገር... አልተናገርኩም።

ቀን 17

መኪናው ወጣ። ጥላ ውስጥ እንደ ሸክላ ሳህን ያበራል። ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን ነጠብጣብ ነው። ግራጫ፣ ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ይመስላል፣ ሁሉም ከላስቲኩ ሥር። መብራቱ አጠገብም ጠርዙ መነሳት ጀምሯል።

ቦ-ካይ በጥፍሩ ሊያነሳው ሞከረ። አይነሳም፣ ከሥር ነዋ። ምሳ አልበላም።

ቀን 19

ሉ መጣ። ዞረ። እንደገና ዞረ።

"ነጭ መኪና ሰጠሁህ፣ ጅግራ አድርገህ መለስክልኝ!"

"አቧራ ገብቶበት ነው፣ አጎቴ። ልጬ ሌላ እለጥፍበታለሁ።"

"ይሄ ምንድን ነው? ይሄ አረፋ? እኔ ዓሣ በጋዜጣ ስጠቀልል ከዚህ ይሻላል! ዓሣው እንኳ አያፍርብኝም!" ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ሉ ይህን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ያ ባሰ። "አባትህ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በር አስወጥቶ አያውቅም።"

ቦ-ካይ ጎንበስ አለ። "አያውቅም" አለ።

እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር። ሉ ወደኔ ዞሮ፣ "አንቺን አይደለም፣ እህቴ" አለኝ። "አንቺ ምን አጠፋሽ?"

ቀን 20

እንዴት ይነገራል? የሙሽራ መኪና ላይ የሙታን አመድ ተለጥፏል ብዬ? ሉ ቢሰማ መኪናውን ባሕር ውስጥ ይጨምረዋል። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ታስበዋለች። ባሏ ባስነጠሰው ቁጥር።

ካልተናገርኩ ደግሞ ጥፋቱ የልጄ እጅ ነው።

ቀን 22

ላስቲኩ ዛሬ ተላጠ። ሉ ሌላ እንዳይለጠፍ አለ፣ ካኦሲዩንግ ከተማ ሊወስደው ነው። ግን ሲላጥ ልይ ብሎ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ።

እኔ ሙቀት የሚነፋውን ማሽን ያዝኩ፣ ቦ-ካይ ላጠ። "ቀስ እማዬ። ሞቅ ሲለው ራሱ ይለቃል።" እጁ የተረጋጋ ነው። ሲያሞቅ፣ ሲስብ፣ ዝቅ አድርጎ ሲስብ... እንዲህ ያለ እጅ እንዴት መጥፎ ይባላል?

ኮፈኖው መሐል ስንደርስ ሉ ተነስቶ አጎነበሰ።

"ይቺ ሰማያዊ ደግሞ ምንድን ናት?"

አየኋት። ከጥፍር አትበልጥም። አንድ ጎኗ ከስሏል። የመድኃኒት ቤቱ ስም ግማሽ ፊደል እንኳ ይታያል። ማሽኑን አጠፋሁ።

ቦ-ካይ አውራ ጣቱን አሳረፈባት።

"ጓንቴ ነው። ጫፉ ተቀዶ ነበር።"

"ጓንት አድርገህ ነው እንዲህ የሠራኸው? ባዶ እጅህን ቢሆን ምን ልታደርግ ነበር!"

"እጄ ነው፣ አጎቴ። ጥፋቱ የእጄ ነው።"

የቦ-ካይ ጓንቶች ጥቁር ናቸው። ሌላ ገዝቶ አያውቅም።

ቀን 23

ወደ ሉ ቤት ሄድኩ። ልነግረው። በሩ ላይ ቀዩን የሠርግ ወረቀት እየለጠፉ ነበር። ሙሽራዋ ወንበር ላይ ቆማ "ትንሽ ወደ ግራ!" ትላለች፣ ከንፈሯ ላይ ማጣበቂያ ወረቀት ይዛ። መበለት ለሠርግ ገደ ቢስ ናት፣ በዚያ በር ምን ልታደርግ ትገባለች? ተመለስኩ።

እራት ላይ አላስቻለኝም።

"መቼ አወቅህ?"

ሾርባውን አማሰለ። "በማግሥቱ። በመብራት ሳየው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ማቃጠል ታቆሚያለሽ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቅ አለ፣ የሱ ሳቅ ግን አይደለም። "አመዱ ቢሆን ላስቲኩ ሲላጥ አብሮ ሄዷል፣ እማዬ። በሩ ጠርዝ ላይ ላስቲኩን ስቆርጥ ምላጩ ቀለሙን ነክቶታል። ያ መስመር አይሄድም። እሱን ነፋስ አላመጣውም።"

ሊያቀልልኝ ነው እውነቱን ሊነግረኝ? ሁለቱም ይሆናል።

ስምንተኛው ጨረቃ፣ ቀን 6

የሉ መኪና ርችት እየተተኮሰለት በደጃችን አለፈ። የመኪናው በር ካኦሲዩንግ ውስጥ እንደገና ተቀብቷል። ያምራል። በመጋረጃ አየሁ።

ቦ-ካይ የብረት መዝጊያውን አወረደ። ሉ ከጮኸበት ቀን ወዲህ አንድም መኪና አልመጣም።

ስምንተኛው ጨረቃ፣ ቀን 19

ሄደ። ካኦሲዩንግ፣ ትልቅ ጋራዥ፣ መኪና አጣቢ ሆኖ። አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘሁት። "ቀለም ክፍል እንዳትገባ" አልኩት። "እማዬ፣ ባልዲ ነው የሚሰጡኝ" አለ።

ዓሣ ጭንቅላት ልገዛ ቆሜ... ለአንድ ሰው ይበዛል።

አሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ቀን 2

ደወለ። ድምፁ ደስ ያለው ነው። እጁን አይተው አሳድገውታል። የት? ቀለም ክፍል።

"አባዬን ነው የወረስኩት አሉኝ" አለ። እነሱ አባቱን የት ያውቁታል? ራሱ ነው ያለው።

"ማስክ ይሰጧችኋል?"

"ቀጭኑን ይሰጣሉ። ይበቃል።"

ይበቃል። ሺን-ፋም እንዲህ ይል ነበር።

ሰባተኛው ጨረቃ፣ ቀን 14

ዘንድሮ ወረቀት አልቆረጥኩም። የሺን-ፋን የአየር መጭመቂያ ማሽን ሸጥኩ፣ ቀለም የሚረጭበትን። በመጀመሪያው አውቶቡስ ካኦሲዩንግ ገባሁ።

የማስኩ ሻጭ "ለባልዎ ነው?" አለኝ።

"ለልጄ።"

ቱቦው ጥቁር ነው። ሰማያዊ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ የለም አለ። ከባድ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ልጄ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄድኩ። መመሪያውን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

ቦ-ካይ እንደ እብድ አየኝ። ጓደኞቹ ከኋላ፣ "እናቱ ጠፈር ልትልከው ነው!" ይላሉ። ጆሮው ቀላ። የኪስ ቦርሳውን አወጣ፣ ሊከፍለኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። ቦርሳው ውስጥ የታጠፈ ላስቲክ አለ። በመሐሉ ሰማያዊዋ። ዓመት ሙሉ ይዟት ኖሯል።

"ይቺ ለአባዬ አልደረሰችውም" አለኝ፣ ዝግ ብሎ።

"አልደረሰችውም" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? "እሷን መልስና ይህን አድርግ።"

አደረገው። ከራሱ ኋላ ያለውን ማሰሪያ እኔ አጠበቅሁለት። ወደኔ ዞረ፣ ፊቱ የለም፣ ዓይኑ ብቻ... የሺን-ፋ ዓይን። ከውስጥ የሆነ ነገር ተናገረ። ድምፁ ታፍኖ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

"ምን አልክ?"

ሊደግምልኝ እጁን ወደ ማሰሪያው ሰደደ። ያዝኩት።

"አታውልቀው" አልኩ።