ወደፊትም ጥር፣ ወደኋላም ጥር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ።

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ወገብህስ ተሻለህ? አባባስ ጉልበቱ ቀለል አለው፣ ወይስ አሁንም ደረጃውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚወጣው? ባለቤትህ እትዬ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እጄም እግሬም እንዳለ ነው። በስልክ ላናግርህ አስቤ ነበር። ግን አንተ በስልክ ሰው ረትተህ የምትዘጋ ሰው ነህ፤ ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። ተረጋግተህ ተቀመጥና አንብበው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የላክህልኝን መልእክት መቼም አትረሳውም። «የሚጣ ሠርግ የዛሬ ስድስት ወር ነው፤ ጥር ላይ። ደስ ይበልሽ» ነበር ያልከው። እኔ ሞኟም ደስ አለኝ። ከሆቴሉ አንሶላ ክምር መሀል ቆሜ እልልታዬን ሳቀልጠው፣ የተቀደደ የምትጠግነው ጓደኛዬ ደንግጣ ጣቷን በመርፌ ወጋች። ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ አዝዬ ያሳደግኳት ትንሿ እህቴ ልትዳር ነው አልኳት። ስድቧን ትታ አቀፈችኝ።

ከዚያ በጣቴ አንጓ መቁጠር ያዝኩ። ነሐሴ አንድ፣ መስከረም ሁለት... መሀል ላይ ጳጉሜን መጣችብኝና ወር ናት ወይስ ምርቃት ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አምስት ቀን ይዛ እንደ ወር መቆጠር አማራት ብዬ ዘለልኳት። ብቆጥር ብደጋግም ስድስተኛው ጥር ሆነ፤ ካንተ ቃል ጋር ልክ ገጠመ። ማን ይጠራጠር!

የማጠቢያ ቤቱን ኃላፊ ሴትዮ ታውቃታለህ፣ በሌለችበት «ካውያ» የምንላት። ፈቃድ ስትሰጥ ከሥጋዋ የተቆረሰ ይመስላታል። ለጥር አስፈቀድኳት፤ በምትኩ እስከዚያ ድረስ የእሁዱን ተራ ሁሉ እኔ ልሠራ ተስማማሁ። ጠጋኟ ጓደኛዬ ደግሞ ለሚጣ ቀሚስ ልትሰፋ ቃል ገባችልኝ። የወገቧን ልክ ብቻ አምጪ አለችኝ።

ሚጣ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ስልኬን አታነሳም ነበር። ትምህርት በዝቶባት ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ግን አነሳች። ወገብሽ ስንት ነው ብላት፣ የምን ወገብ አለኝ፣ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ አለችኝ። ክው አልኩ! ከሠርግሽ በፊት? ብዬ ጮህኩባት፤ ስድብ ቢጤም ከአፌ አመለጠኝ። እሷም፣ የምን ሠርግ ታወሪያለሽ፣ የኔ ሠርግ እኮ ጥር ላይ አለፈ፤ ፈቃድ ከለከሉኝ ብለሽ ቀረሽ፤ ምርቃትሽን ጋሼ እንግዳው ሁሉ ፊት ቆሞ ተናገረልሽ አይደለም ወይ? አለችኝ።

አይ ጋሼ! ይሄ ቋንቋችንም ላንተ ዓይነቱ ይመቻል። የዛሬ ስድስት ወር እመጣለሁ ይባላል፤ የዛሬ ስድስት ወር መጣሁም ይባላል። ከሐምሌ ወደፊት ብትቆጥር ጥር፣ ወደኋላ ብትቆጥር ያው ጥር። አንተ ወደኋላ እያየህ ጻፍከው፣ እኔ ወደፊት እያየሁ አነበብኩት። ሐምሌ እስኪገባ ጠብቀህ ነው የላክህልኝ፤ ነሐሴ ላይ ቢሆን ሂሳቡ አይገጥምልህም ነበር። ነገ ሰው ቢጠይቅህ አልዋሸሁም፣ እሷ ናት የተሳሳተችው ልትል ነው። ልጅ ሆነህም ሥጋውን ከድስት እያወጣህ፣ አልበላሁም፣ ቀመስኩ እንጂ ትል ነበር። ያኔ እማዬ ትስቅልህ ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ለምን እንዳደረግከው አይጠፋኝም። ያገባት ሰውዬ የመጋዘንህ ሸሪክ ነው፤ ሚጣ ደግሞ ትምህርቷን አልጨረሰችም ነበር። ብሰማ ኖሮ አይሆንም ባይ ነበርኩ። አዎ፣ ነበርኩ! እማዬ ስትሞት ገና ዳዴ የምትል ልጅ ተረክቤ ለቁም ነገር ያበቃሁ እኔ ነኝ፤ አይሆንም ማለት ይገባኝ ነበር። ጮኸህብኝ፣ ታላቅ ነኝ ብለህ ብታሸንፈኝ ምን ነበረበት? ተሸንፌም ቢሆን እመጣ ነበር። ጥግ ይዤ አጨበጭብ ነበር። ሸሪክህን እንዳላስቀይምብህ ፈርተህ እኔን ከእህቴ ሠርግ አስቀረኸኝ፤ ወይ ነዶ!

የባሰው ግን ገና ነው። ምንም አላውቅም ነበር ብዬ ለሚጣ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳት። ጋሼ አይዋሽም አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ብደውል አታነሳም። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ አኩርፋኝ ኖራለች፤ ሠርጌን ናቀች ብላ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ? እኔን ጣልከኝ፤ እሷ ገና ኮርቻው ላይ ናት።

አሁን ደግሞ አዲስ ቆጠራ ይዣለሁ። ጥቅምት አምስተኛዋ ከሆነ፣ ኅዳር ስድስት፣ ታኅሣሥ ሰባት፣ ጥር ስምንት፣ የካቲት ዘጠኝ። ካውያ ዘንድ ሄጄ ፈቃዴን ወደ የካቲት አዛውሪልኝ አልኳት። ሠርጉ ተራዘመ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት፤ የወንድሜን ጉድ ለባዕድ ልዘርዝርላት? የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ብቻዋን አትሆንም፤ እናት የላትም፣ እኔ አለሁ። የካቲት ላይ ሻንጣዬን ይዤ በሯ ላይ እቆማለሁ።

እንድትከፍትልኝ ግን ያንተ አፍ ያስፈልጋል ጋሼ። የኔን አታምንም። ይሄ ደብዳቤ እንደደረሰህ ቤቷ ሂድ። ባሏ ቢሰማም ይስማ። ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ ቃል አትፈልግ። እህትሽ አታውቅም ነበር፣ ደብቄያት ነው፣ ምርቃቱንም ከራሴ ነው ያመጣሁት በላት። አማርኛው ቀላል ነው፤ ካቃተህ ይሄን ገጽ አንብብላት።

አባባን ጉልበቱን ሳምልኝ፤ ደረጃውን ቀስ ብሎ ይውጣ። እትዬን ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ታውቅ እንደሆነ አልጠይቃትም፣ እሷን እንኳ ላትርፍ። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። የጎረቤታችንን ልብስ ሰፊም እንደምን አሉ በልልኝ።

ለሚጣ ሰላምታ ባንተ በኩል አልልክም። ከአፌ ያልወጣ ቃል አንዴ አድርሰህልኛል፤ ይበቃኛል።

እህትህ

ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል
ጥቅምት ፳፪ ቀን