«የውሸት» የሚለው ካርድ

ሰኔ 12 ቀን፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ

ሆድሽ ቀድሞሽ በር ለሚያንኳኳልሽ ለእታለሜ፦

እንዴት ነሽ? ፎቶሽን ሳይ ሐብሐብ ሰርቀሽ ቀሚስሽ ውስጥ የደበቅሽ መስለሽኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። የፊደል ስህተት ካገኘሽ እለፊው፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት ስለወደድኩት ነው።

«አንተ የጨረር ቤት ሠራተኛ፣ የአይጦቹ ልጆች እንዴት ሆነው ነው የሚወለዱት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የምትሠሪበት ካፌ ማይክሮዌቭ በሩ አልገጥም ብሎ በላስቲክ ታስሯል፣ አንቺም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ነሽ፣ ባለቤቱ ደግሞ «ምንም አይልም» ይልሻል። እታለም፣ «ምንም አይልም» የሚል ሰው አላምንም። ወተቱን ጨርሼ «ድመቷ ናት» እል የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ውሸታም ውሸታምን በጠረኑ ያውቀዋል።

በአይጦቹ ላይ ጥናት የሚያካሂደውን ዶክተርም የጠረጠርኩት ለዚሁ ነው። እኔ የአይጦቹን ቤት እጠርጋለሁ፣ ውኃ እቀይራለሁ። እሱ ያረገዙትን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የጨረር ሳጥን ውስጥ ያስገባቸዋል። ሲወልዱ ልጆቹ ይመዘናሉ፣ ዓይናቸው በስንት ቀኑ እንደተገለጠም ይጻፋል። አንድ ቀን ወለል እየወለወልኩ ሳየው አይጧን አስገባ፣ ሳጥኑን ዘጋ፣ ማብሪያውን ግን አልነካም! ግማሽ ሰዓት ጠብቆ አወጣትና ደብተሩ ላይ «30 ደቂቃ» ብሎ ጻፈ። ቤቷ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ባነበው «የውሸት» ይላል። በገዛ እጁ ጽፎ! ለሰረቀው ደረሰኝ የሚቆርጥ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?

«ያዝኩህ!» አልኩ በሆዴ። ሳጥን መግባታቸው አብቅቶ ለመውለድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የእሷን ካርድና የጎረቤቷን «የጨረር» የሚለውን ካርድ አቀያየርኳቸው። አይጧን ነው የሚያውቀው ወይስ ካርዷን? ልፈትነው ብዬ ነው።

ካርዷን ነው የሚያውቀው።

ወለዱ። «የውሸት» ከሚለው ካርድ ሥር ያሉት ልጆች ቀለሉ፤ ዓይናቸውም ከጎረቤቶቻቸው ሁለት ቀን ዘግይቶ ተገለጠ። ዶክተሩ ራሱን አከከ። «ጨረር ያገኙት ደህና ከሆኑማ ምንም አይልም ማለት ነው» አለ።

ያቺ ቃል እዚህም ተከትላኝ መጣች! ልጆቹን የምትመዝነውን፣ እኔ «ሚዛን» የምላትን ሴትዮ ጠጋ አልኳት።

«ዶክተር ለምን ውሸት ይጽፋል?»

«አንተ ቀልደኛ፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ የውሸት ነው! ሳጥኑ አለ፣ ድንጋጤው አለ፣ ጨረሩ ብቻ የለም። ልጁ ያነሰው በጨረሩ ይሁን በእናቱ ድንጋጤ ያለዚያ በምን ይለያል?»

«እና… ካርዱ ቢቀያየርስ?»

«ያኔማ ውሸታሞቹ እኛ ነን» ብላ አተኩራ አየችኝ። እስካሁን እያየችኝ ነው። እስክሪብቶ ሲጠፋ እንኳ መጀመሪያ የእኔን ኪስ ነው የምትፈትሸው።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስ፦ ቀለል ያሉት ጨረር ያገኘችው አይጥ ልጆች ናቸው። «በሁለት እናት ምንም አይታወቅም፣ አይጥም ሰው አይደለችም፣ የእኛ ሳጥንም የወጥ ቤት ማይክሮዌቭ አይደለም» ትላለች ሚዛን። ስለዚህ አትደንግጪ። ግን በላስቲኩም አትተማመኚ። ባለፈው እርግዝናሽ ጊዜም ሁሉም ሰው «ምንም አይልም» ብሎሽ ነበር። ከዚያ በላይ አላነሳውም።

ዶክተሩ ውጤቱን ሰኞ ለኅትመት ይልካል። ያ ወረቀት እንዳለ ከወጣ የካፌሽ ባለቤት ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው ይመስለኛል። እና ይህን ደብዳቤ እንዳሸግኩ የዶክተሩን በር አንኳኳለሁ። ከመቶ ቀልዴ ይቺ አንዷ አላሳቀችኝም። ይቆጣል፤ ምናልባትም ያባርረኛል። ካባረረኝ ሌላ ደብዳቤ አትጠብቂ፤ ራሴ መጥቼ የዚያን ማይክሮዌቭ ሶኬት እነቅለዋለሁ። ካላባረረኝ ደግሞ አንቺው ንቀይው።

ዓይኑ በጊዜው የሚገለጥ፣ ሚዛን የሚደፋ ልጅ ያሳቅፍሽ። መልኩን ከአንቺ፣ ጸባዩን ከማንም ይውሰድ፣ ከእኔ ብቻ አይውሰድ።

ወንድምሽ፣
የእውነቱ