ትናንት አብሬ የሳቅኩት

እህት ዓለም፣

ወረቀት ላይ ብጽፈው የሚያነብልሽ ሰው ልትፈልጊ ነው ብዬ ራሱ እንዲያነብልሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ጻፍኩት። እንግዶቼ ያዘዋወሯቸውን ወንበሮች ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ፤ እንዳያደናቅፉሽ። ዳቦው ምድጃው አጠገብ ነው።

ትናንት ኮምፒውተሩ ድርሰትሽን ሲያነብልሽ ጓደኞቼ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ይለፈልፋል?» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ።

አንቺ «ይቅርታ፣ ረበሽኳችሁ» ብለሽ ዘጋሽው። ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ ሆንሽ! ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጠዋት በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ማንኳኳት አቃተኝ።

ነገ ፈተና አለሽ። ጓደኞቼን ዛሬ እንዳይመጡ ነግሬያቸዋለሁ፤ ምክንያቱንም አልደበቅኳቸውም። ሳሎን ቁጭ ብለሽ የኮምፒውተሩን ድምፅ እንደልብሽ ልቀቂው።

ማታ ከፈቀድሽልኝ፣ ድርሰቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አሰሚኝ።