ፕላስቲክ የለበሱት የሆኪ ካርዶች

ለአክስቴ ለእትዬ ማሚት፣ የዴንቨር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን።

አባዬ ሲንከባከባቸው የነበሩት ሽማግሌ ያወረሱትን የተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸውን የጥንት የሆኪ ካርዶች ዌስት ሴንት ፖል ያለ ገማች ዘንድ ወስጄ አስገመትኩ። አባዬማ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ሰፈራችንን መዞር ከጀመሩ ወዲህ ሥራ መሄድ ትቷል፤ በር ሲንኳኳ መብራት ያጠፋል። ለቁጠባ ነው ይላል።

ገማቹ በአጉሊ መነጽር አየና፣ «ማዕዘኑ አልታጠፈም፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ግን ማነው በፕላስቲክ አሽጎ ላሚኔት ያደረገው?» አለኝ።

«አባቴ። የስደተኛ ወረቀቱንም እንደዚሁ ነው ያደረገው።»

«እንግዲህ ሰብሳቢዎች የታሸገ አይገዙም፤ አሁን ምንም አያወጡም።»

ለአባዬ ስነግረው፣ «ቢያንስ ውሃ አይነካቸውም» አለ። ዝናብ የማይፈራ ዜሮ ዶላር አለን ማለት ነው።

ትናንት የላሚኔት ማሽኑን እንደገና ሰካ። የእርስዎን ስልክ ቁጥር ላሚኔት አድርጎ በእኔና በትንሹ ወንድሜ በአቤኔዘር አንገት ላይ አንጠለጠለው።

እባክዎ፣ ስልክዎን አያጥፉ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

ሶሊያና